በተረጋጋ ድምፅ

ኮምቦልቻ ውስጥ ከጣሪያ በታች በቦታው የሌለ ሰው ስም መጥራት ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሕጉ አልከለከለም። ሕጉ መቼም ምንም አይከለክልም፤ ያሳውቃል እንጂ። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የጎረቤቱን ስም ካነሣ፣ ጣሪያው ላይ የተለጠፈው ባላደራ የሚሉት መሣሪያ ይሰማና ለባለስሙ መልእክት ይልካል፦ «ስምዎ በእገሌ ቤት ተነሥቷል።» ምን እንደተባለ ግን አይናገርም፤ እሱ የተናጋሪው ምስጢር ነው። በዚህ የተነሣ ስንት ባልና ሚስት ተፋታ፣ ስንት ወንድማማች ተኳረፈ። ኋላ ሰዉ ዘዴ አበጀ። «ያቺ ሴትዮ»፣ «የላይኛው ፎቅ»፣ «ያ ነጭ ጫማ የሚያደርገው» እየተባለ ኑሮ ቀጠለ። ሐሜት እንደሆነ በሕግ አይሞትም።

አስካለ የምትሠራው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው የፈቃድ ጽሕፈት ቤት ነበር። ስሟን ሰምቶ አሮጊት የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል፤ ሠላሳዎቹን ገና ያጋመሰች ሴት ናት። በእሷ ዘመን የቅድመ አያት ስም ተመልሶ ጌጥ ሆኗል፤ ሶሊያናና ናታን የሚባሉት አሁን በከዘራ የሚሄዱት ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ሰው ይሰለፋል። አንዱ ፀጉር አስተካካዩ የጭንቅላቱን ቅርጽ እንዲያስታውስ ሊፈቅድ ይመጣል። ሌላዋ የቀድሞ ባሏ ሳቋን ከስልኩ እንዲያጠፋ ልታስደርግ። ሁሉም ፈቃዱን በገዛ አንደበቱ፣ በተረጋጋ ድምፅ መናገር አለበት፤ ድምፁ ከተንቀጠቀጠ ባላደራው አይቀበልም። በስሜት ጫና የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም ይላል ሕጉ፣ ሲያዩት ደግ ሕግ ነው። ሙሽሮች ደስታቸው እየበዛ ደጋግመው ይወድቃሉ። ስለዚህ ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጣል፣ ግድግዳ ያያል፣ የሽንኩርት ዋጋ ያስባል። አስካለ ሥራ እንደጀመረች ይህን እያየች ትስቅ ነበር፤ ኋላ ለመደችው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ጋሽ ሙባረክ መጡ። የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና የጎረቤት ማኅበር ነው፤ ክርስቲያን እስላም ብሎ አይለይም። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ በአገጫቸው ወደ ውጭ አመለከቷት። የቅሬ ነገር ከጣሪያ በታች አይወራም፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው የሚወራው። አስካለ ማን ይሆን፣ ማን ይሆን እያለች ተከተለቻቸው።

ምትኩ ነበር። የእትዬ ሶሊያና ልጅ ምትኩ፣ የጭነት መርከብ ላይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው፣ በማዕበል ከመርከቡ ወድቆ ባሕር ቀርቷል። ሬሳው አልተገኘም፤ ፍለጋውም ቆሟል። አብሮት የሚሠራ የሰፈሩ ልጅ ነው ደውሎ፣ ስም ሳይጠራ፣ «የእናቱ አንድዬ» ብሎ ለጋሽ ሙባረክ የነገራቸው። ይህን ሲያወሩላት ከዘራቸውን አሸዋው ላይ እየወጉ ነበር።

እትዬ ሶሊያና የሚኖሩት ከአስካለ በር ፊት ለፊት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ የመጀመሪያ ልጃቸውም በሕፃንነቱ ነው የሞተባቸው፣ ሁለተኛውን ምትኩ ያሉት ለዚያ ነው። አስካለ እናቷ ከሞተች በኋላ ምሳዋን የምትበላው እሳቸው ቤት ነበር፤ ከምትኩ ጋር በአንድ ሳህን ተሻምታ ያደገች ናት። ስለዚህ ወንዝ ዳር ቆማ ስትሰማ ያለቀሰችው ለጎረቤት የሚለቀሰውን ልቅሶ አልነበረም። ጋሽ ሙባረክ አላጽናኗትም፤ እስኪወጣላት ቆሙና የመጡበትን ነገሯት።

የሞት ማስታወቂያ በሕጉ ለወራሽ ብቻ ነው የሚነገረው። ጎረቤት ቀድሞ ማወቁ ራሱ ጥፋት ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይል ይደርሳል፤ ባላደራው በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ እትዬ ሶሊያና ብቻቸውን ወጥ እያማሰሉ ሳለ፣ ልጅዎ ሞቷል ሊላቸው ነው። በእኛ አገር ግን መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ማልዶ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የእትዬ ሶሊያና ልብ ደግሞ ደካማ ነው፤ ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ተኝተው ነው የወጡት፣ የልባቸውን ምት የሚለካ፣ ምቱ ሲፈጥን መብራቱ የሚቀላ አምባርም እጃቸው ላይ ታስሮላቸዋል። ያላቸው ወገን አንድ ወንድም ነው፣ ጋሽ ብሩክ፣ መተማ የሚኖሩት። እሳቸው እስኪደርሱ፣ እስከ እሑድ ንጋት፣ አስካለ ማስታወቂያውን እንድትይዘው ነው ቅሬው የጠየቃት።

ትችል ነበር። ለታመመ ሰው ክፉ ዜና እንዲቆይ የሚያደርግ የጤና እገዳ የሚባል ነገር አለ፤ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ሞላችው። ማስታወቂያው ቆመ። በማግሥቱ እትዬ ሶሊያናን ደረጃ ላይ አገኘቻቸውና እንዴት አደሩ ስትላቸው፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ከመንገዳቸው ያነሣች መስሏት ደስ አላት። ያን ደስታዋን ኋላ ስታስበው ትጠላው ነበር።

ሰፈሩ ምስጢሩን እንዴት እንደያዘው ማየት ነው። እትዬ ሶሊያና ቤት እንግዳ በዛ። አንዷ ዱቄት ልትበደር ትገባለች፣ አንዷ ወንፊት ልትመልስ፣ ሌላዋ የራሷ ቧንቧ እያለ ውኃ ልትቀዳ። ሁሉም ከእሳቸው አይናቸውን ያሸሻሉ። እንደ ወትሮው ስለ ልጃቸው የሚጠይቅ ግን ጠፋ። ስሙን ማንም አፉ ላይ አያደርስም፤ ስሙ ከጣሪያ በታች ከተነሣ መልእክቱ የሚሄደው ለእናቱ ነው። ምትኩ ባሕር ላይ ሲሆን ስልኩ ስለማይሠራ፣ የስሙን መልእክት እናቱ እንዲቀበሉለት ወክሏቸው ነበር። ስለዚህ ሰፈሩ እሳቸውን ደስ ይበላቸው ብሎ የእሱን ስም ብቻ ሳይፈራ ያነሣ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስካለ ጉዳዩን ደግማ ከፈተችው። ለምን እንደከፈተችው አታውቅም። እገዳው በቦታው አለ። ከሥሩ ግን ያላየችው መስመር ነበር። የሟች የመረሳት መብት በማንም የጤና ሁኔታ አይታገድም ይላል። የሟቹ ድምፅ፣ ምስልና መልእክት ወራሹ ካልተረከበው ነገ ቅዳሜ ቀትር ላይ ይጠፋል። የማቆያው ጊዜ የሚቆጠረው ወራሹ ከሰማበት ሳይሆን ሰውየው ከሞተበት ነው።

አስካለ መስመሩን ደግማ አነበበችው። እሷ እገዳው ማስታወቂያውንም ማጥፋቱንም የሚያቆም መስሏት ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው መርዶ የሚያቆየው የኛ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ አገር ሰው ሲሞት ለእናቱ ወዲያው ይነገራል፣ እገዳ የሚባለውንም ዓመት ሙሉ የሚጠይቅ የለም። ለደግነት ብላ ያደረገችው ነገር ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ ሊገድለው ነው። የወረቀት ፎቶ እንዳይባል፣ ፈቃዱ ሊነሣ የማይችል ምስል ነው ተብሎ ከየቤቱ ከተሰበሰበ ቆይቷል። መቃብር የለው። ልብሱ መርከቡ ላይ ነው። ከምትኩ የቀረው እናቱ ቤት ግድግዳው ላይ የሚታየው ፊቱና የላከላቸው ድምፁ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ነገ ቀትር።

ጋሽ ሙባረክን ፍለጋ ሮጠች። ወንዝ ዳር ቁጭ ብለው አገኘቻቸው፤ ጋሽ ብሩክ መንገድ ተዘግቶባቸው ነገ ማታ እንደሚገቡ ሰምተው እየተብሰለሰሉ ነበር። የያዘችውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችላቸው። ዛሬውኑ ይነገራቸው፣ ዛሬ ማታ ሁላችን እንግባ አለች። ሽማግሌው አዳመጧትና እምቢ አሉ። ወንድም ሳይኖር አይሆንም። ማታ መርዶ ተነግሮ ሰው ሌሊቱን እንዴት ያድራል? በጎልማሳነታቸው አንዲት ጎረቤታቸው በስልክ ተነግሯት ከደረጃ ወድቃ የሞተችውን እሳቸው ናቸው የቀበሯት፤ ሁለት ሬሳ በአንድ ሳምንት አልቀብርም አሉ።

«ድምፁ ይጠፋል እኮ ጋሼ» አለች አስካለ። «ልጃቸው ሁለተኛ አይሰማም። ይህን ሲያውቁ ምን ሊሏቸው ነው?»

«እሷ በሕይወት ትኑር እንጂ እኔን ትርገመኝ» አሉ ጋሽ ሙባረክ። «አንቺም አንድ ነገር ሆና ብታገኚያት፣ ድምፁን ለማን ልታሰሚው ነው?»

አስካለ ተመልሳ ቤቷ ገባች፣ አልጋዋ ላይ ተገላበጠች። ትክክል ናቸው። ግን እሷም ትክክል ናት። ብትነግራቸውና ልባቸው ቢቆም ነፍሰ ገዳይ ናት፤ ባትነግራቸው ደግሞ ዕድሜ ልክ ፊት ለፊታቸው ባለው በር እየገባች እየወጣች ልትኖር ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ነገሩን ሁሉ ለባላደራው ልትናገርና ምክር ልትጠይቅም አስባ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ወሰነች።

ቅዳሜ ጠዋት ገና በሩን ሳታንኳኳ ድምፁን ሰማችው። «እማ፣ የዚህ መርከብ ምግብ አብሳይ ቃሪያ ምን እንደሆነ አያውቅም። ትናንት አቀመስኩት፣ ባልዲ ሙሉ ውኃ ጠጣ።» ከዚያ ሳቁ፤ በአፍንጫው ጀምሮ ሳል የሚሆነው ያ የድሮ ሳቁ። እትዬ ሶሊያና ይህን መልእክት ከላከላቸው ጀምሮ በየጠዋቱ ነው የሚያዳምጡት። አስካለ እስኪያልቅ በር ላይ ቆማ አንኳኳች።

እትዬ ሶሊያና ከፈቱላት። ምስር የተዘረጋበት ሰፌድ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ምትኩ የመርከብ ቱታውን ለብሶ ፀሐይ አይኑን እየወጋችው ቆሟል። አስካለ አጠገባቸው ተቀመጠች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

«ከረቡዕ ወዲህ ልጄን የሚያነሣው ሰው ጠፋ» አሉ፣ ምስሩን እየለቀሙ። «ድሮ ባላደራው ቀኑን ሙሉ ነበር የሚነግረኝ፤ እዚህ ቤት ተነሣ፣ እዚያ ቤት ተነሣ። ያሙትም ያመስግኑትም ደስ ይለኝ ነበር። አገር ሁሉ በአንድ ቀን ልጄን የረሳው ለምን ይመስልሻል አስኩ?»

አስካለ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አውቄያለሁ» አሉ እትዬ ሶሊያና። «ዱቄት ሲበደሩኝ አውቄያለሁ። እስኪነግሩኝ ልቆይ ብዬ ነው። ካልነገሩኝ እኮ ልጄ አለ።»

አስካለ ያን ጊዜ ነው ስለ ቀትሩ የነገረቻቸው። እያለቀሰች፣ እየተንተባተበች፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ሳትደብቅ። እትዬ ሶሊያና ሰፌዱን ይዘው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። አልጮኹም። አስካለ አምባራቸውን ነበር የምታየው፤ ትንሿ መብራት ቀላች፣ ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ብጫ ተመለሰች። ከዚያ እገዳውን አንሺው አሏት።

አስካለ በስልኳ እገዳውን አነሣች። ባላደራው ጊዜ አላጠፋም። «ወይዘሮ ሶሊያና፣ የልጅዎ የአቶ ምትኩ ሕይወት ማለፉን ስናሳውቅ ሐዘናችን የላቀ ነው። የተዋቸውን ድምፆችና ምስሎች መረከብ ከፈለጉ፣ ልጄ ምትኩ መሞቱን ሰምቻለሁ፣ የተወውንም ተረክቤያለሁ በማለት በተረጋጋ ድምፅ ያረጋግጡ።»

«ልጄ» አሉ እትዬ ሶሊያና፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደላቸውም።

ደግመው ሞከሩ። ስሙ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ባላደራው ባለፈቃዷ በስሜት ጫና ውስጥ ስለሆኑ ፈቃዱ ለራሳቸው ጥበቃ ሲባል አልተመዘገበም፣ ሲረጋጉ ይሞክሩ አለ። በሦስተኛውም እንዲሁ። አስካለ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣችላቸው፣ ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ላይ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሌላ ነገር ያስቡ አለቻቸው። ምን ላስብ አሏት። በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ እያጠረች ነበር። አስካለ ወለሉን ላለማየት ትሞክራለች፣ ታያለችም።

እትዬ ሶሊያና ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አስካለን ወደ ኩሽና ሂጂልኝ፣ አንቺ ፊት አልችልም አሏት። ሄደች፤ በሩ ጀርባ ቆማ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሰፌዱ ሲንሿሿ ይሰማታል። ምስሩን ያነፍሱታል፣ ያንጓልሉታል፣ ጠጠሩን እየለቀሙ ሳህን ላይ ይጥላሉ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ ከሰፌዱ ድምፅ መሐል፣ የሱቅ ልጅን ግማሽ ኪሎ ጨው የሚያዙ ይመስል፣ እንደዋዛ ተናገሩት። «ልጄ ምትኩ መሞቱን ሰምቻለሁ፣ የተወውንም ተረክቤያለሁ።» ቀጭ አለ ጠጠሩ።

አስካለ ስንቱን ባለፈቃድ ስትሰማ ኖራ የዚያን ቀን ፈራች። እናት እንዲህ ያለ ድምፅ ይኖራታል ብላ አስባ አታውቅም።

«ርክክቡ በጊዜያዊነት ጸድቋል» አለ ባላደራው። «የማጽኛው ጊዜ እስከ አርባ ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባለፈቃዷ ፈቃዱን የሰጡት በሐዘን ጫና ውስጥ ሆነው እንደነበረ የሚያሳይ የድምፅም ሆነ የልብ ምት መረጃ ከተገኘ ርክክቡ ይሰረዛል። ጊዜው ለባህል አክብሮት ሲባል ከተዝካሩ ቀን ጋር እንዲገጥም ተደርጓል።»

አስካለ ከኩሽና ወጥታ የሰማችውን ተረጎመችላቸው፤ እሳቸው ግን ገብቷቸው ነበር። እስከ አርባው ማልቀስ የለባቸውም። ቤታቸው ውስጥ ባላደራው ይሰማል፤ ከቤት ቢወጡም አምባሩ እጃቸው ላይ ነው፣ መብራቷ ቀልታ ካልተመለሰች ይመዘገባል፣ አምባሩ ቢወልቅ አምቡላንስ ይመጣል። ወንዝ ዳር እንኳ ለእሳቸው ጣሪያ አለው። አስካለ ለቅሬው ልንገር፣ ነገ ሲመጡ ልቅሶውን ቀለል እንዲያደርጉት ጋሽ ሙባረክን ልለምን አለች።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አሉ እትዬ ሶሊያና። «ቤቴ ሞልቶ ዝም በሉ፣ ዝም በሉ ሊባባል ነው? ለልጄ ይለቀስለት። እኔ እችለዋለሁ።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ መጡ። ጋሽ ሙባረክ ከፊት፣ ጋሽ ብሩክ መንገድ ያደቀቀው ፊታቸውን ይዘው ከጎናቸው፣ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረጃውን ሞልተውታል። ሁለት ጎረምሶች ሐዘንተኛዋን እንዲይዙ ግራና ቀኝ ተመድበዋል። እትዬ ሶሊያና ከፈቱ፤ ለብሰው ነበር። ጋሽ ሙባረክ እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀመሩ። ሰው አደራ ነው፣ የሰጠ ይወስዳል፣ አንቺም ብዙ ያየሽ ሴት ነሽ አሉና ድምፃቸው ሲቆረጥ የቀረውን ወንድማቸው ነገሯቸው። ልቅሶው በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ጋሽ ብሩክ ግድግዳው ላይ ባለው ፊት ስር ተንበረከኩ። እትዬ ሶሊያና መሐል ላይ ቆመዋል፤ ጎረምሶቹ ሊይዟቸው የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ።

አስካለ በሩ አጠገብ ነበረች። እሷ ራሷ እንደ ልቧ ታለቅሳለች፤ የሷ እንባ ማንንም አያጠፋም። አይኗ ግን ከአምባሩ አልተነቀለም። ብጫ። ብጫ። አንድ ጊዜ ቀይ፣ ደግሞ ብጫ።

ሴቶቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። እንባ ወደ ውስጥ ከፈሰሰ ሰው ይገድላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሐዘንተኛ ደርቆ ሲቀር እንዲወጣለት የሚያደርግ ሰው ይፈለጋል። እትዬ ቅድስትን ወደ ፊት ገፏቸው። እትዬ ቅድስት በኮምቦልቻ ድንጋይ ያስለቅሳሉ የሚባሉ አልቃሽ ናቸው፤ በዘመኑ ሙሾ ስም አይጠራም፣ እሳቸው ግን ስም ሳይጠሩም ሰውየውን ቤት ውስጥ ያቆሙታል። እትዬ ሶሊያና ፊት ቁጭ አሉ፣ ጉልበታቸውን ያዙ፣ ጀመሩ።

«እናቱ በር ከፍታ መንገዱን ስትጠብቅ፣
ውኃ ወሰደብን ያን የመሰለ ሳቅ።»

ቤቱ ተናወጠ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ጮኹ። አስካለ ልትሮጥና የአልቃሿን አፍ ልትይዝ ፈለገች። እትዬ ቅድስት የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ ሴትየዋን ሊያድኗት ነው የሚታገሉት፤ ባሰቡት መጠን ከተሳካላቸው ግን ሙሾ ያወረዱለት ሳቅ ዛሬውኑ ይጠፋል። እሷ ብቻ ናት ይህን የምታውቀው፤ ከጣሪያ በታች ደግሞ መናገር አትችልም። አልቃሿ ግጥሙን ደገሙት። የእትዬ ሶሊያና አገጭ ሲንቀጠቀጥ አስካለ አየች። መብራቷ ቀላች፤ ቀልታ ቆየች።

እትዬ ሶሊያና ጉልበታቸውን አስለቀቁ። «ተነሺ ቅድስት፣ ወለሉ ይበርድሻል» አሉ። ጠዋት እንግዳ በሚቀበሉበት ድምፅ ነበር፤ መብራቷም ወደ ብጫ ተመለሰች። «ቁጭ በሉ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ። ውኃ ላምጣላችሁ።»

ልቅሶው ቀስ በቀስ ከሰመ። እትዬ ሶሊያና በሴቶቹ መሐል አልፈው ኩሽና ገቡ፣ ብርጭቆዎች በትሪ ደርድረው ተመለሱ፣ ለእያንዳንዱ አደሉ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። አንዷ ውኃውን ሳትጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። እትዬ ቅድስት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ስድሳ ዓመት ሳለቅስ እንዲህ ያለ ሙት ቤት አላየሁም አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። አንጀት የላትም እንዴ ያለችም ነበረች። ጋሽ ብሩክ እህታቸውን እንደማያውቋት ሰው ያዩዋታል። ጋሽ ሙባረክ ግን አስካለን አዩዋት፣ ከዚያ አምባሩን፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ሰዉ እንደ ወጉ ቀኑን አልዋለም። ረፋዱ ላይ ደጅ የተተከለው የልቅሶ ድንኳን ባዶ ነበር።

አስካለ ብርጭቆዎቹን አጠበች። ጋሽ ብሩክ ጋደም ብለው ነበር። እትዬ ሶሊያና እዚያው ሰፌዳቸው ጋ ተቀምጠው፣ የተለቀመውን ምስር እንደገና ይለቅማሉ። ቀና ብለው አላዩዋትም። አስካለ እንዳመሏ ትከሻቸው ላይ እጇን ልታደርግ ስትጠጋ ራቅ አሉ።

«አስኩ» አሉ፣ በዚያው ደረቅ ድምፅ። «እስከ አርባው እንዳትመጪ። በሩም ላይ ስንተላለፍ ሰላም አትበዪኝ።»

«ምን አደረግኩ እትዬ?»

«ምንም አላደረግሽ። በአንድ ሳህን ነው ያበላኋችሁ» አሉ እትዬ ሶሊያና፤ ጣቶቻቸው ምስሩ ላይ ቆሙ። «አንቺን ሳይ እሱ ይመጣብኛል።»

አስካለ ጫማዋን እጇ ላይ ይዛ፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ በእግር ጣቷ እየረገጠች ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።